እንግዶች ካላችሁ ተነሱልን

ሰው እንግዳ መሆኑ የሚያበቃው መቼ ነው? ይህን ማንም አልጠየቀኝም። እሁድ ጠዋት፣ አባቴ በሠራው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ እግሬን ሳወዛውዝ ጥያቄው ራሱ መጥቶ ያዘኝ። ሩቅ አገር ሄጄ የተማርኩት መድኃኒት ቅመማ ነው፤ ለእንግድነት የሚታዘዝ ነገር ደግሞ እስካሁን አልተቀመመም።

ጥያቄውን ያመጣችብኝ ተኳሿ ናት። ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ስለምትተኩስ ነው ተኳሿ የሚሏት። ከድልድዩ ማዶ፣ በረብሻው ከተቃቃርነው ሰፈር የመጣች በመሆኗ ደግሞ ስሙ ጠመንጃም ያስታውሳል። አንዳንዱ ስታልፍ ያያትና «ኧረ ተኳሿ መጣች!» ይላል፤ እሷም ሁለት ጣቷን ቀስራ «እጅ ወደ ላይ!» ትለውና አብራው ትስቃለች። ከማዶ ለመጣ ሰው በእኛ ሰፈር ሳቅ መታወቂያ ነው፤ ሳይዙት አይወጣም።

ቤተ ክርስቲያናችን ድሮ የዱቄት መጋዘን ነበር። ዝናብ ሲጥል ግድግዳው አሁንም ዱቄት ዱቄት ይላል። አግዳሚዎቹን በሙሉ የሠራው አባቴ ነው፤ አናጢ ነው፣ የሽማግሌዎችም ሰብሳቢ። በየእሁዱ ከመዝሙሩ በኋላ ማይክራፎኑን ይዞ ይነሳና «እንግዶች ካላችሁ ተነሱልን፤ እንያችሁ፣ እንውደዳችሁ» ይላል። ይህን ሲል ያ ወፍራም ድምፁ ይለሰልሳል። እንግዳው ይነሳል፣ ዘማሪዎቹ የእንኳን ደህና መጣችሁ መዝሙር ይዘምሩለታል፣ እናጨበጭባለን፣ እንግዳው አፍሮ ይቀመጣል። በከተማው ውስጥ እንደ እኛ እንግዳ የሚቀበል የለም እየተባለ ይወራል። አባቴ ይህ ወሬ ደስ ይለዋል።

እኔ ከሩቅ አገር ስመለስ ተኳሿ ትነሳ ነበር። አዲስ ሰው መስላኝ አጨበጨብኩ። በሚቀጥለው ሳምንትም ተነሳች። ክረምቱ ገባ፣ ክረምቱ ወጣ፤ እሷ ትነሳለች፣ መዝሙሩ ይዘመራል፣ እኛ እናጨበጭባለን። አንድ ቀን ቁጭ ብላ ልታልፈው ስትል አባቴ መዳፉን ዘርግቶ «እህታችንም አሉልን፣ ይነሱልን እንጂ» አላት። ወጣት ሴቶችን ሁሉ «አንቺ» ነው የሚለው። እሷን ግን «እርስዎ» ይላታል። አክብሯት መስሎኝ ነበር፤ በኋላ ነው አጥር እንደሆነ የገባኝ።

እኔን ደግሞ አንድም ቀን አላስነሱኝም። ያን ያህል ዓመት ጠፍቼ፣ ጸሎት ትቼ፣ የጌታ ማዕድ ሲዞር ትሪውን ሳልነካ እያሳለፍኩ፣ እኔ የቤት ልጅ ነኝ።

የምሠራበት ፋርማሲ ከላውንደሪው ጋር ግድግዳ ይጋራል። የእንፋሎቱ ፉጨት ቀኑን ሙሉ ይሰማል። አንድ ከሰዓት ተኳሿ የእጇን አንጓ በእርጥብ ፎጣ ጠቅልላ መጣች።

«ምን ነካሽ?» አልኳት።

«ሸሚዝ ነከሰኝ።»

«ሸሚዝ ጥርስ አለው እንዴ?»

«የሙሽራ ሸሚዝ አለው። ባለቤቱ ጭንቅላቴ ላይ ቆሞ ‹ፍጠኚ፣ ፍጠኚ› ሲለኝ ኮሌታውን ትቼ ራሴን ተኮስኩ።»

ቁስሉን አጥቤ የቃጠሎ ቅባት ቀባሁላት። ፊቴን አተኩራ አየችና «አወቅሁሽ፤ የጋሼ ልጅ። በስብከት ሰዓት የእጅ ሰዓቷን የምታየዋ» አለች።

«አንቺም የምትነሺዋ ነሽ።»

«አዎ፣ እኔ የምነሳዋ ነኝ» አለች። እየሳቀች ነው ያለችው፤ ግን እጇን ከእጄ ሳብ አደረገች።

ከዚያ ወዲያ የምሳ ሰዓታችን አንድ ሆነ። እሷ ትመጣለች፣ ካልመጣች እኔ እሄዳለሁ። ላውንደሪው ጠባብ ነው፤ ጣሪያው ላይ ከተሰቀሉት ካፖርቶች ሥር ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ጠረጴዛዋ ላይ የተወጠረው ብርድ ልብስ መሀሉ ቡኒ ሆኗል። ኮሌታ ከጫፍ ወደ መሀል እንደሚተኮስ አሳየችኝ፤ ከመሀል ከጀመሩ ጫፉ ላይ ይጨማደዳል። ስሞክር አበላሸሁ። «ተይው፣ የኔ ጎበዝ» አለችኝ፣ «አንቺ ክኒን ቁጠሪ።»

በልቼ ስጨርስ የማትተወው ጥያቄ ነበራት። «ካላመንሽ ለምን ትመጫለሽ?»

«አባባ ይከፋዋል።»

«ለእሱ ብቻ?»

«እኔ እንጃ። መዝሙሩን እወደዋለሁ። ማመኑ አቃተኝ፣ መተዉም አቃተኝ።»

«ይገርማል» አለች፣ ብረቱን በእርጥብ ጣቷ ቸስ አድርጋ እየሞከረች። «ላንቺ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ አንቺ ደፉ ላይ ትንገላወጃለሽ። እኔ አምኜ ደጅ ቆሜያለሁ። ብንቀያየር ጥሩ ነበር።»

የፈለገችውን ነገር ያን ቀን ነገረችኝ። ከዓመት አንድ እሁድ አዲስ አባላት ወደ ፊት ይጠራሉ። መጋቢው እጃቸውን ይይዛል፣ ምእመኑ ይቆምላቸዋል፣ ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ከማዕዱ ይቋደሳሉ። ከዚያ በኋላ ቤት ይጠየቃሉ፣ ሲታመሙ ሰው ይመጣላቸዋል፣ የጽዳት ተራ ይደርሳቸዋል። እሷ ትምህርቱን ጨርሳለች፣ ተጠምቃለችም፤ ያለፈው ዓመት ግን አልተጠራችም። «ገና እንተዋወቅ» ነው ያሏት። የዘንድሮው እሁድ እየቀረበ ነበር።

«ለምን ይሄን ያህል ፈለግሽው?» አልኳት። የሞኝ ጥያቄ እንደሆነ እያወቅሁ ነው።

«ማታ ማታ ብቻዬን መብላት ስድስቱ ቀን ይበቃኛል» አለች።

አሁን ስለ እማማ ዝም ልናገር። የጽዳቱ ቡድን አለቃ ናቸው። በጸሎት ሰዓት ሕፃን ሲንጫጫ «ዝም!» ስለሚሉ ነው ስሙ የወጣላቸው፤ የሚሉት ከሕፃኑ በላይ እየጮሁ ነው። በአንዱ እሁድ ፕሮግራሙ አልቆ ሰው ሲበተን ተኳሿ ከጓዳው መወልወያና ባልዲ አውጥታ ወለሉን ጀመረች። እማማ ዝም ከኋላ ደረሱባት።

«ውይ በሞትኩት! ምን እየሠራሽ ነው?»

«እየወለወልኩ ነው እማማ።»

«ኧረ ነውር ነው! እንግዳ ይሠራል እንዴ? አረፍ በይ፣ ቁጭ በይ፣ ውኃ ይምጣልሽ?»

«ውኃ አልፈልግም፤ ባልዲው ውስጥ አለ።»

«አምጪው በይ መወልወያውን።»

«አላመጣም።»

እማማ ዝም እንጨቱን በአንድ ጫፍ ያዙ፣ ተኳሿ በሌላው። ሁለቱም ፈገግ ብለዋል፤ ሁለቱም አይለቁም። «ልጄ፣ ያከበሩሽን አታሳፍሪ» አሉ እማማ ዝም እየሳቡ። «እማማ፣ አክብሮቱን ቀንሱልኝና የምወለውለው አንድ ጥግ ስጡኝ» አለች እሷም እየሳበች። ባልዲው ተገለበጠ፤ ውኃው ከአግዳሚዎቹ ሥር እስከ በሩ ድረስ ሄደ። እማማ ዝም እርጥብ ጫማቸውን እያዩ «ዝም!» አሉ፤ ማንን እንደሆነ እንጃ፣ ማንም አልተናገረም ነበር። በመጨረሻም መወልወያውን ወሰዱት። ተኳሿ ባዶ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ወጣች።

በነጋታው ወደ አባቴ የእንጨት ሥራ ቤት ሄድኩ። የበር ፍሬም እየላገ ነበር። ሰጋቱራው ቅንድቡ ላይ ተቀምጧል።

«አባባ፣ ዘንድሮ እሷ ትጠራለች አይደል?»

ማንን እንደሆነ አልጠየቀኝም። መላጊያውን ገፋ፣ ሳበ። «ገና በደንብ አልተዋወቅንም።»

«ስንት ዓመት ነው ደግሞ የምትተዋወቁት?»

«እኔ አስወጥቻታለሁ? ከበር መልሻታለሁ? በየሳምንቱ በአደባባይ እቀበላታለሁ። እንኳን ደህና መጣሽ ማለት ኃጢአት ሆነ?»

«አባባ፣ በየሳምንቱ የሚቀበሉት ሰው ገና አልገባም ማለት ነው።»

መላጊያው ቆመ። አባቴ ቁጡ ሰው አይደለም፤ ሲናደድ ድምፁ ይቀንሳል። «አሮጌውን አዳራሽ ማን ነው ያቃጠለው?» አለኝ። አንቺ አልነበርሽም ማለቱ ነው። እውነት ነው፣ አልነበርኩም። ረብሻው የመጣ ጊዜ እኔ ሩቅ አገር ለፈተና እያጠናሁ ነበር። ከመጋዘኑ በፊት እናመልክበት የነበረውን ያን አዳራሽ አባቴ ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው በእጁ ነው የሠራው፤ እናቴንም ያገባው እዚያ ነው፣ የቀበራትም ከዚያ ወጥቶ ነው። ከማዶ የመጡት ሰዎች በአንድ ከሰዓት አመድ አደረጉት። እሳቱ ውስጥ ገብቶ ያወጣው መስቀሉን ብቻ ነው፤ እስከ ዛሬ ግራ እጁ እንደ ልቡ አይታጠፍም።

«እሷ አላቃጠለችም» አልኩት።

«ስታወራ እሰማታለሁ። ያ አነጋገር… ጭሱ ይሸተኛል። ምን ላድርግ? ሰው ነኝ።»

«የእሷ ቤትስ? ያኔ የእሷም ቤት ተቃጥሏል። ማን እንዳቃጠለው ጠይቀሃት ታውቃለህ?»

ከፍሬሙ ላይ የሌለ ጉድፍ በጥፍሩ ፈገፈገ። ያቃጠሉት የእኛዎቹ እንደሆኑ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ ከተማው ሁሉ አያወራውም።

«ለመሆኑ ማን ያውቃታል? ማን ይመሰክርላታል?» አለ በመጨረሻ።

«እኔ አውቃታለሁ።»

«አንቺ?» ሳቀ፤ ደስ የማይል ሳቅ። «እግዜርንም አላውቅም ስትዪ አይደል የከረምሽው? አላውቅም ባይ ከመቼ ወዲህ ነው ምስክር የሆነው?»

«እሱን ለማወቅ ስላልቸኮልኩ ነው እሷን ለማወቅ ጊዜ ያገኘሁት።»

ይህን ያልኩት ለማናደድ ነው፤ ተሳክቶልኛል። አባቴ መላጊያውን በጎኑ አስተኛው። «እንግዲህ ስሚኝ ልጄ። እሷ ከዚያ ማዕድ ከተቀመጠች እኔ እነሳለሁ። ያን ጊዜ ከማን ጋር እንደምትቀመጪ ከአሁኑ ምረጪ።»

ወደ ፋርማሲው ሳልገባ በፊት ላውንደሪው ጎራ አልኩ። ነገሩን ለተኳሿ ነገርኳት። እንድታውቀው እንጂ እንድትተወው አይደለም። ብረቱን በቂጡ አቆመችው። «እኔ ብተወው አንቺም አባትሽም ሰላም ታገኛላችሁ» አለች።

«ትተዪዋለሽ?»

«አልተወውም።»

«እንዳትተዪው።»

ያ እሁድ ደረሰ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ፊት ለፊት ነጭ ጨርቅ የለበሰው ማዕድ ተቀምጧል፤ ጨርቁን የተኮሰችው ማን እንደሆነች ከእኔና ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፣ ላውንደሪ ተልኮ ነው የመጣው። አባቴ ማይክራፎኑን ያዘ። «እንግዶች ካላችሁ ተነሱልን፤ እንያችሁ፣ እንውደዳችሁ።»

አንድ ባልና ሚስት ከኋላ ተነሱ። ተኳሿ ከጎኔ ተቀምጣለች። አልተነሳችም።

አባቴ ጠበቀ። ምእመኑ ዞር ዞር እያለ ያያታል። አባቴ መዳፉን ዘረጋ። «እህታችንም አሉልን። ይነሱልን እንጂ።»

«አልነሳም ጋሼ» አለች።

ዘማሪዎቹ የመዝሙሩን መጀመሪያ ጀምረው ነበር፤ ግማሹ ዘመረ፣ ግማሹ ዋጠው።

«ምን አሉ?»

«ደክሞኛል። እግሬን አይደለም የደከመኝ።» ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ስንት ጊዜ ነው እንኳን ደህና መጣሽ የምትሉኝ? መጣሁ እኮ! መጥቻለሁ! ከዚህ በላይ እንዴት ብዬ ልምጣ?»

አንድ ሕፃን ከት ብሎ ሳቀ። «ዝም!» አሉ እማማ ዝም ከወዲያ ጥግ። እኔ የተነሳሁት ያኔ ነው። አስቤበት አይደለም።

«እንግዳ ከፈለጋችሁ እኔ አለሁ» አልኩ። «ከሩቅ ነው የመጣሁት። ጸሎታችሁን ግማሹን ረስቼዋለሁ፣ ግማሹን አላምነውም። እንደኔ ያለ እንግዳ በዚህ አዳራሽ ውስጥ የለም። ለእኔ ዘምሩልኝ!»

ሰው ሳቀ፣ ከዚያ መሳቁን ተወ። «ተቀመጪ» አለኝ አባቴ ማይክራፎኑን ከአፉ አርቆ።

«እሷ እስክትጠራ አልቀመጥም።»

«ይሄ የእግዚአብሔር ቤት ነው፣ የክርክር አዳራሽ አይደለም!»

«የእግዚአብሔር ቤት ከሆነ ባለቤቱ እንግዶች ይነሱ ይበል እንጂ እኛ ምን አገባን?»

መጋቢው ከወንበሩ ተነሳ። ወጣት ነው፤ አባቴን እንደ አባቱ ይፈራዋል። መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፣ አጠለቀው፣ እንደገና አወለቀው። «ወገኖች» አለ፣ «በሽማግሌዎች መካከል የነበረው ጥያቄ… እህታችንን በቅርብ የሚያውቃት ማን ነው የሚል ነበር። የሚያውቃት ሰው ካለ…»

እኔ አፌን ስከፍት አባቴ በዓይኑ ዘጋኝ፤ አላውቅም ባይ ምስክር። አግዳሚ ሲጥ ሲል ተሰማ። እማማ ዝም ነበሩ፤ ወገባቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሱ።

«እኔ አንድ ነገር ነው የማውቀው» አሉ። «ይቺ ልጅ መወልወያዬን ይዛ አልለቅም አለችኝ። እጄ እስኪላጥ ታገልኳት። ቤት ሄጄ ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ። በዚህ አዳራሽ የጽዳት ተራው ሲደርስ ወገቤን፣ ልጄን፣ እንግዳ መጣብኝ የማይል የለም። እኔ መወልወያ የሚቀማኝ ሰው ስመኝ የኖርኩ፣ የመጣችልኝን ቀማኋት። ነውረኛዋ እኔ ነኝ። እኔ ቡድን ውስጥ ትግባ። ከፈለጋችሁ ስለ ነፍሷ እናንተ ተከራከሩ፣ እኔ ወለሉን እሰጣታለሁ።»

አንድ ሰው «አሜን» አለ። ሌላው ሳቀ። መጋቢው መነጽሩን አጠለቀና፣ ከዚያን ቀን በፊት ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ «እንግዲያው ትምጣ» አለ።

ተኳሿ አልተንቀሳቀሰችም። ሁለት ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ቃል ነው። ክርኗን ይዤ አስነሳኋት።

አባቴ ማይክራፎኑን አግዳሚው ላይ አስቀመጠው። ድምፁ በድምፅ ማጉያው ጓ ብሎ አዳራሹን መታው። «ቃሌ ቃል ነው» አለ፤ ይህን ያለማይክራፎን ነው ያለው፣ ግን የሰማው ብዙ ነው። በመተላለፊያው መጣ። ጥቂት ሰዎች ተነስተው ተከተሉት፤ አሮጌው አዳራሽ ሲነድ ባልዲ ይዘው የሮጡ ሰዎች ናቸው፣ ልፈርድባቸው አልችልም። እኔ ዘንድ ሲደርስ ቆመ።

«ትመጫለሽ?»

«አልመጣም አባባ። አንተም አትሂድ።»

በእናቴ ቀብር ቀን ያየሁትን ፊት አየሁት። አለፈ። የብረቱ በር ከኋላው ተዘጋ። ሮጬ ልከተለው የፈለግሁበት ጊዜ አልነበረም ብል ውሸት ነው። የአግዳሚውን ጠርዝ ይዤ ቆምኩ፤ አባቴ ያለሰለሰው ጠርዝ ነው፣ እሾህ የለውም።

መጋቢው የተኳሿን እጅ ያዘ። የሚባለውን አለ፣ የሚመለሰውን መለሰች። ከዚያ ትሪው ዞረ። ኅብስቱን በሁለት እጇ ተቀበለች፤ አፏ ውስጥ አድርጋ ለረጅም ጊዜ አላኘከችም። ጎኔ መጥታ ተቀመጠችና ትሪውን ለእኔ አቀበለችኝ። ያዝኩት። ለእሷ ስል መቁረስ አማረኝ፤ ነገር ግን ለሰው ብለው የሚበሉት ነገር አይደለም። ያን ያህልስ አውቃለሁ። ወደሚቀጥለው አሳለፍኩት።

«እጠብቅሻለሁ» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ብዙ ትጠብቂያለሽ።»

«ለምጄዋለሁ። ተቀምጦ መጠበቅ ደግሞ ቀላል ነው።»

ቤት ስደርስ አባቴ የለም። መሣሪያዎቹን በሳጥን አድርጎ ሌላ ከተማ ወዳለችው እህቱ ዘንድ ሄዷል። አክስቴ ደውላ «ደርሷል፣ አይዞሽ» አለችኝ። «በሬን እየጠገነልኝ ነው። ያልተበላሸውንም እየፈታ ይጠግናል። ስላንቺ ሳነሳበት መዶሻውን ያነሳል።»

ሰፈሩ ደግሞ አፉን ከፈተ። «አባቷን በማዶ ሰው የለወጠች» ተባልኩ። መድኃኒት ሊገዛ መጥቶ እኔን ሲያይ ሌላ ፋርማሲ የሄደ አለ። ከተኳሿም ጋ ልብሳቸውን ሳይተኮስ መልሰው የወሰዱ አሉ። እኛ ግን በምሳ ሰዓት ክንድ ለክንድ ተያይዘን በዋናው መንገድ መሄድ ጀመርን። ቀድሞ በጓሮ ነበር የምንሄደው። ለምን ቀየርነው ብሎ የጠየቀን የለም፤ ቢጠይቀን መልስ ነበረን።

መጋቢው አንድ ቀን የራስ ምታት መድኃኒት ሊገዛ መጣ። ቆይቶ ቆይቶ «ምናልባት» አለ፣ «ጋሼ እስኪመለሱ እህታችን ለጥቂት ጊዜ ብቻ ከማዕዱ ዘግየት ቢሉ… ለሰላም ሲባል…»

«ለራስ ምታቱ ይህን ይውሰዱ» አልኩት። «ለፍርሃቱ መድኃኒት የለንም።»

ጆሮው ቀላ። ከፍሎ ወጣ፤ ከበሩ ተመልሶ ደግሞ «ልክ ነሽ» አለኝ። የሚቀጥለው እሁድ ትሪውን ለተኳሿ ያቀበላት በራሱ እጅ ነው። የአባቴ ቦታ ግን ባዶ ነው። እንግዶች ይነሱ የሚልም ጠፍቷል፤ አዲስ ሰው ሲመጣ እማማ ዝም ከፊቱ ይቆሙና «ወገብህ ደህና ነው?» ይሉታል።

አሸንፌ እንደሆነ አላውቅም። ተኳሿ ከማዕዱ ተቀምጣለች፤ ይህ ልክ ነው፣ ነገም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ። አባቴ ደግሞ በሰው ከተማ፣ በሰው በር ላይ ሚስማር እየመታ ነው። እሱን ትቼ እሷን የመረጥኩ ይመስለዋል። አልመረጥኩም። ምረጪ ያለኝ እሱ ነው እንጂ እኔ ምርጫውን ተቀብዬው አላውቅም።

ላውንደሪው ውስጥ፣ ካፖርቶቹ ሥር ተቀምጬ መልእክት ልጽፍለት ሞከርኩ። መጀመሪያ የጻፍኩት ረጅም ነበር፤ ክርክር የበዛበት። ተኳሿ በትከሻዬ ላይ አንብባ «ይሄ ለዳኛ ነው፣ ለአባት አይደለም» አለችኝ። አጠፋሁት። ሁለተኛው ልመና ሆነብኝ፤ እሱንም አጠፋሁት፣ ይቅርታ የምጠይቅበት ነገር ስላላገኘሁ።

«የእኔን ሰላምታ ጨምሪበት» አለች።

«ይናደዳል።»

«ይናደድ። ሰላምታ ተደብቆ አይላክም።»

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«አባባ፣ እጅህ እንዴት ነው? እዚያ ብርድ ነው ይላሉ። እሁድ እሷም አለች፣ እኔም አለሁ፣ አንተም ና። እኔ አላስመርጥህም፤ አንተም አታስመርጠኝ። ቦታህ ላይ ማንም አልተቀመጠም። እሷም ሰላም ብላሃለች።»

ላክሁት። ወዲያው ደረሰው፤ በማግስቱም አንብቦታል።

አልመለሰም።